አንድ መስኮት ስንት ቅጠል አለው?

(በማኅበራችን የታኅሣሥ ወር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሂሳብ ክፍል መስማት የለመዳችሁት ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድር መመለሻና ስለ ወር መዋጮ ነው። ዛሬ ግን የምንነጋገረው ስለ መስኮት ነው። በተለይም ብላይንድ ስለምንለው መጋረጃ፣ ስለሚይዘው አቧራና ስለ አጸዳዱ። «ይሄ ደግሞ ምን ሂሳብ አለው?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ሂሳብ አለው፤ ያውም ከብዙዎቻችን ጉልበትና ሳንባ ላይ የሚቀነስ ሂሳብ።

ምክንያቱን እንንገራችሁ። ጥምቀት ደርሷል። ጥር 11 ቀን ጎንደር ከየአቅጣጫው እንግዳ ትቀበላለች፤ በዓሉም በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ስሙ ይበልጥ ወጥቷል። ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት ሆቴሉ፣ ፔንሲዮኑ፣ ቢሮውና መኖሪያ ቤቱ ሁሉ ይታጠባል፣ ይወለወላል። ሥራ በጠፋባቸው ያለፉት ዓመታት የጽዳት ቡድናችን አባላት ተስፋ ያደረጉት ይህንን ወቅት ነው። ስልክም ይደወልልናል። ደዋዩ ማንም ይሁን ማን የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነው፦ «በመስኮት ስንት ታስከፍላላችሁ?»

ድካማችን የሚጠፋው እዚህ «በመስኮት» የሚለው ቃል ውስጥ ነው። ዛሬ ልናሳያችሁ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። መስኮት አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ በላዩ የተሰቀለው ሥራ ግን አንድ አይደለም።

ከእንጨት መዝጊያ እስከ ብላይንድ

የከተማችን መስኮቶች የየዘመናቸውን መልክ ይዘው ቆመዋል። በፋሲል ግቢ የ17ኛው ክፍለ ዘመን መስኮቶች ቅስት ናቸው፤ መዝጊያቸው እንጨት ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረበት ጊዜ በፒያሳ አካባቢ ከተሠሩት ሕንፃዎች አንዳንዶቹም የእንጨት መዝጊያ አላቸው። እናቶቻችን ባሳደጉን ቤት ደግሞ መስኮቱ ላይ የሚሰቀለው የጨርቅ መጋረጃ ነበር። የጨርቅ መጋረጃ ሲቆሽሽ ይወርዳል፣ በሳፋ ይዘፈዘፋል፣ ይታሻል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ አለቀ። ከባድ ሥራ ነው፤ ግን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። «መጋረጃ አጥባ ዋለች» ከተባለ ቀኑን ሙሉ እንደ ደከመች ማንም ይረዳል።

ብላይንድ እንዲህ አይደለም። አዳዲሶቹ ሕንፃዎች ትልልቅ መስታወት አላቸው፤ ፀሐዩን ለመከላከል ቢሮውም፣ ክሊኒኩም፣ የእንግዳ ማረፊያውም ብላይንድ ሰቅሏል። በየመኖሪያ ቤቱም እየገባ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል። ቀረብ ብሎ በጣት ለነካው ግን ሌላ ነው። አይወርድም፣ አይዘፈዘፍም፣ አይታሽም። በቆመበት፣ ቅጠል በቅጠል ነው የሚጸዳው። ስለዚህ ያጸዳችው ሴት ምን ያህል እንደ ደከመች ለባለቤቱ አይታየውም።

አቧራው ደግሞ የእኛ ሀገር አቧራ ነው። ዝናቡ በመስከረም ካበቃ በኋላ እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ መሬቱ ይደርቃል፤ አስፋልት ካልገባበት መንገድና ከግንባታው ቦታ የሚነሣው ብናኝ በትንሽ ቀዳዳ ይገባል። ቤት ውስጥ ደግሞ ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ሽንኩርት በዘይት ይቁላላል። ጭሱና የዘይቱ እንፋሎት ቅጠሉ ላይ ሲያርፍ ቀጭን ቅባት ይሠራል፤ አቧራው እዚያ ላይ ይጣበቃል። የኩሽና ብላይንድ በደረቅ ጨርቅ ብቻ አልለቅ የሚለው ለዚህ ነው።

ሂሳቡ

አሁን እንቁጠር። ቁመቱ 1 ሜትር ከ50፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ መካከለኛ መስኮት እንውሰድ። የተለመደው የአሉሚኒየም ብላይንድ ቅጠል ወርዱ 25 ሚሊ ሜትር ነው። ሲዘጋ ቅጠሎቹ ትንሽ ትንሽ ስለሚደራረቡ በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ርቀት ወደ 21 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 1,500ን ለ21 ስናካፍል 71 ገደማ እናገኛለን። 70 ቅጠል እንበለው።

እያንዳንዱ ቅጠል ላይና ታች አለው። ስለዚህ የሚወለወለው 140 ገጽ ነው። የአንዱ ገጽ ስፋት 1 ሜትር ከ20 በ25 ሚሊ ሜትር ሲባዛ 0.03 ካሬ ሜትር ይመጣል። ይህንን በ140 ስናበዛው 4.2 ካሬ ሜትር እናገኛለን። የመስኮቱ መስታወት ራሱ ስንት ነው? 1.8 ካሬ ሜትር። በውስጥም በውጭም ብንወለውለው 3.6 ነው። ስለዚህ በአንድ መስኮት ላይ ያለው ብላይንድ ከመስታወቱ ከሁለቱም ወገን ይበልጣል። መስታወት ደግሞ በሰፊው እጅ የሚወለወል ዝርግ ነው፤ ብላይንዱ ግን በሁለት ጣት ስፋት የተከፋፈለ፣ ጠንከር አድርገው ቢይዙት የሚታጠፍ ቀጭን ነገር ነው።

እንግዲህ ደዋዩ «በመስኮት ስንት?» ሲለን፣ የሚጠይቀን ስለ 1.8 ካሬ ሜትር መስሎት ነው። ክፋት አይደለም፤ ቆጥሮት አያውቅም። ቆጥረን መንገር የእኛ ፋንታ ነው።

በገንዘብ እንየው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የወሰድናቸው፤ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ይተካበታል። 12 ብላይንድ ያለው ማረፊያ ቤት አለ እንበል፤ አንዱን በደንብ ለማጽዳት 40 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። 12 በ40 ሲባዛ 480 ደቂቃ፣ ማለትም 8 ሰዓት ነው። ሁለት ሴቶች ቢሠሩት ለእያንዳንዳቸው 4 ሰዓት ይደርሳል።

በአንድ መስኮት 30 ብር ተስማማን እንበል። 360 ብር አገኘን። ከዚህ ለሳሙናና ለጨርቅ 70 ብር፣ ለባጃጅ ደርሶ መልስ 80 ብር ይወጣል። መሰላሉስ? መሰላል ስንገዛ ገንዘቡ የወጣው አንድ ቀን ነው፤ የሚያልቀው ግን ቀስ በቀስ ነው። በ3,600 ብር የተገዛ መሰላል ሦስት ዓመት ቢያገለግል በወር 100 ብር ያልቃል፤ በወር አምስት ሥራ ከተሠራበት ለአንድ ሥራ 20 ብር ነው። የሂሳብ ሰዎች የእርጅና ተቀናሽ የምንለው ይህ ነው። ጠቅላላ ወጪው 170 ብር ሆነ። ከ360 ሲቀነስ 190 ብር ይቀራል። 190ን ለ8 ሰዓት እናካፍለው፦ ለአንድ ሰዓት 23 ብር ከ75 ሳንቲም።

አሁን ከሰዓቱ እንነሣ። የአንድ ሰዓት ድካማችን 80 ብር ያወጣል ብለን ወስነናል እንበል። 8 ሰዓት 640 ብር ነው። ወጪውን 170 ብር ስንጨምርበት 810 ብር ይሆናል። ለ12 ሲካፈል በአንድ ብላይንድ 67 ብር ከ50 ሳንቲም ይመጣል። ልዩነቱን አያችሁት? 30 ብር ብለን ብንስማማ፣ ግማሽ የሚበልጠው ድካማችን በነጻ ሄደ ማለት ነው። ማንም አልሰረቀንም፤ ያልተቆጠረ ነገር ግን ለማንም አይከፈልም።

ስለዚህ የሂሳብ ክፍሉ ሐሳብ ይህ ነው፦ ዋጋ ከመንገራችን በፊት ሄደን እንይ። ስንት ብላይንድ እንዳለ፣ ስፋቱን፣ የአሉሚኒየም ይሁን የፕላስቲክ፣ የእንጨት ይሁን የጨርቅ፣ ኩሽና ውስጥ ነው ወይስ መኝታ ቤት፣ ስንት መሰላል መውጣት እንደሚጠይቅ በወረቀት እንያዝ። ከዚያ ሰዓቱን፣ ከሰዓቱ ዋጋውን እናውጣ። ስምምነቱንም በሁለት ቅጂ እንጻፈው። ይህ በተለይ በግለሰብ ቤት ተቀጥረው ለሚሠሩ እህቶቻችን ያስፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሰው ቤት የሚሰጥን የቤት ሠራተኝነት አገልግሎት አይሸፍንም። ሕጉ ያልጻፈላትን መብት ቢያንስ የራሷ የስምምነት ወረቀት ይጻፍላት።

አጸዳዱ

ዋጋ ስንጠይቅ ሥራችንም ዋጋውን የሚመስል መሆን አለበት። ስለዚህ ቡድናችን እየተከተለ ያለውን አካሄድ በአጭሩ እናስረዳ፤ ለራስ ቤትም ይሆናል።

መጀመሪያ አልጋውንና የምግብ ዕቃውን እንሸፍን። ከመስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ እርጥብ አሮጌ አንሶላ እናንጥፍ፤ የሚወርደውን አቧራ ይይዘዋል። አፍና አፍንጫችንን በማስክ እንሸፍን። ቅጠሎቹን ወደ አንድ ወገን ዘግተን፣ በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያልን እንጥረግ። በጨርቅ መምታትና ማራገፍ ይቅር። የተመታ አቧራ አይጠፋም፤ ቦታ ለውጦ ሳንባችንና አልጋችን ላይ ነው የሚያርፈው። ከዚያ ቅጠሎቹን ወደ ሌላው ወገን አዙረን ያንኑ እንድገም።

ደረቁ አቧራ ሳይነሣ ውሃ አናስነካ። ውሃና አቧራ ሲገናኙ ጭቃ ይሆናሉ፤ ጭቃውም በገመዱ ቀዳዳ ዙሪያ ይጋገራል።

ሁለተኛው ዙር በእርጥብ ነው። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና እንጨምር። ከዚያ ንጹሕ አሮጌ ካልሲ እጃችን ላይ እናጥልቅ፣ ነክረን እንጭመቀው። ቅጠሉን በአውራ ጣትና በሌሎቹ ጣቶች መካከል ይዘን ከጫፍ ወደ ጫፍ እንሳብ። በዚህ አያያዝ ላይና ታቹ በአንድ ጊዜ ይጸዳል፤ 140 የነበረው ሥራ 70 ይሆናል። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ጊዜያችንን የሚያተርፍልን ግን ይህ ነው። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ባረጠብነው ካልሲ ሳሙናውን እናንሣ፣ በመጨረሻም በደረቅ ጨርቅ እናድርቅ። ካልደረቀ የውሃ ጠብታ ምልክት ይተዋል።

የኩሽናው ቅባት ካስቸገረ የሳሙናውን ውሃ ሞቅ አድርገን ቀብተን ጥቂት ደቂቃ እንተወው፤ ራሱ ይለሰልሳል። በሽቦ ማሻ አንፈግፍገው፤ ቀለሙን ይቧጥጠዋል፣ የተቧጠጠውም በሚቀጥለው ጊዜ አቧራ ይብስ ይይዛል። የእንጨት ብላይንድ ውሃ አይወድም፤ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ አበስ አድርጎ ወዲያው ማድረቅ ይበቃዋል። የጨርቅ ከሆነ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል፤ እድፍ ያለበት ቦታ ብቻ በሳሙና አረፋ ይነካል።

ብላይንዱን አውርዶ በገንዳ መዘፍዘፍ የሚመክሩ አሉ። ውሃ እንደ ልብ በሚፈስበት ሀገር ይሆን ይሆናል። እኛ ግን ከአንገረብ ግድብ የሚመጣ ውሃ በፈረቃ የምንጠብቅ፣ ጀሪካን የምናሰልፍ ሰዎች ነን። ግድቡም ደለል እየሞላበት መያዝ የሚገባውን ያህል አይዝም። ከላይ በተናገርነው አሠራር ሁለት ግማሽ ባልዲ ውሃ ብዙ ቅጠል ያዳርሳል። የሳሙናው ውሃ አይደፋ፤ ወለል ይታጠብበት፣ ቀጥሎ መጸዳጃ ቤት ይፍሰስ። ውሃም ከወጪ መዝገባችን ውስጥ ይግባ፤ በጋሪ ተጭኖ የመጣ ጀሪካን ነጻ አይደለም።

ከጤናችን የሚቀነስ

አሁን ስለምንፈራው ነገር እንናገር። ገንዘብ ቢጎድል ይሞላል፤ ሳንባና ዓይን ግን አይተኩም።

አንደኛው በረኪና ነው። ብላይንድ ለማጽዳት በረኪና አያስፈልግም፤ ቀለሙን ያደበዝዛል፣ ብረቱን ይበላል። ከሁሉ በላይ በረኪናን አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር አናቀላቅል። ሲቀላቀሉ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙ ዓይንን ያቃጥላል፣ መተንፈሻን ይዘጋል፣ በጠባብና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገድላል። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀልም ሌላ መርዛማ ጋዝ ይሠራል። «ሁለቱ ሲደመሩ ይበልጥ ያጸዳሉ» የሚለው ወሬ ከመካከላችን ይጥፋ። በረኪናን በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አናስቀምጥ፤ ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ቅባት ለማስለቀቅ ብለን ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝም አንጠቀም፤ ከሰል በሚነድበት ቤት ውስጥ እሳት ነው።

ሁለተኛው መሰላል ነው። በርጩማ ላይ ወንበር ደርቦ መውጣት ይቅር። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትያዝ። ሁለት ሴት የሚያስፈልገው ሥራ በአንዲት ሴት ዋጋ አይነገር።

ሦስተኛው የብላይንዱ ገመድ ነው። ተንጠልጥሎ የሚቀር የመሳቢያ ገመድ በትንንሽ ልጆች አንገት ተጠምጥሞ ገድሏል። በዚህ ምክንያት በአሜሪካ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ የሚሸጡ የቤት ብላይንዶች ልጅ የሚደርስበት አደገኛ ገመድ እንዳይኖራቸው የሚጠይቅ ደረጃ ሥራ ላይ ውሏል። እኛ ዘንድ ያሉት ግን ገመድ ያላቸው ናቸው። ስለዚህ ጽዳቱን ስንጨርስ ገመዱን ከፍ አድርገን ግድግዳ ላይ ባለ ማንጠልጠያ እንጠምጥመው። የሕፃን አልጋ መስኮት ሥር ካየን እንዲነሣ ለባለቤቷ እንንገር። ይህ ሥራ ዋጋ አይጠየቅበትም።

አራተኛውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁት አታውቁ ይሆናል። በ1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1996) የአሜሪካ የሸማቾች ዕቃ ደህንነት ኮሚሽን ከውጭ የሚገቡ የቪኒል፣ ማለትም የፕላስቲክ ብላይንዶችን መረመረ። በብዙዎቹ ውስጥ ፕላስቲኩን ለማጠንከር እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ተጨምሮባቸው ነበር። ፕላስቲኩ በፀሐይና በሙቀት ሲያረጅ እርሳስ ያለበት ብናኝ ላዩ ላይ ይሠራል፤ ሕፃን ነክቶት እጁን አፉ ውስጥ ሲከት ይመረዛል። እርሳስ የልጅን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ኮሚሽኑ ያኔ የተናገረው ለእኛ ሥራ ትልቅ ትምህርት ነው፦ ማጠቡ አያድንም፤ ፕላስቲኩ ማርጀቱን ስለሚቀጥል ብናኙ ተመልሶ ይመጣል። ዕድሜያቸው ስድስትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ባሉበት ቤት እንዲህ ያለው ብላይንድ እንዲነሣ መከረ።

ይህንን ስናነሣ ለማስፈራራት አይደለም። ነገር ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው የምንኖረው፤ ደባርቅ ደግሞ ከዚህም እጅግ ከፍ ትላለች። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የፀሐዩ ጨረር ይበረታል፤ ፕላስቲክም ቶሎ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በስሜን ተራሮች መንገድ በእንግዳ ማረፊያዎች የምትሠሩ እህቶቻችን፣ ሲነኩት ነጭ ዱቄት የሚተው፣ የነተበና የሚሰባበር አሮጌ የፕላስቲክ ብላይንድ ካገኛችሁ በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉት። በእርጥብ ጨርቅ ይዛችሁ አውርዱት፣ ጨርቁንም አብራችሁ ጣሉት፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ለባለቤቱም «ይህ ይለወጥ እንጂ አይጸዳም» በሉት። የአንድ ቀን ገቢ ቢቀርብንም መናገር ያለብን እኛ ነን።

ስለ አሮጌው የእንጨት መዝጊያም እንዲሁ ነው። ሀገራችን በቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ በደንብ ወስናለች፤ ይህ ግን ከደንቡ በፊት ለተቀባው ቀለም አይሆንም። ድርብ ድርብ ሆኖ የተቀባና የሚላጥ አሮጌ ቀለም በደረቁ አይፋቅ፣ በብርጭቆ ወረቀትም አይፈግፈግ። በእርጥብ ጨርቅ ይታበስ፤ ቦታውንም ልጅ አይድረስበት።

በቤታችንስ?

እስካሁን ያወራነው ስለሚከፈልበት ሥራ ነው። የማይከፈልበትስ?

በቤታችን ያለው መስኮትም ያው 70 ቅጠል አለው። ያንን የሚያጸዳው ማን ነው? ማዕከላዊ ስታትስቲክስ በ2005 ዓ.ም. የሀገራችን ሰው ጊዜውን በምን እንደሚያሳልፍ ባጠናው ጥናት፣ ክፍያ በሌለው የቤት ሥራ ሴቶች ከወንዶች የበለጠ ጊዜ እንደሚያጠፉ ታይቷል። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2018) ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ላይ በየቀኑ 16.4 ቢሊዮን ሰዓት ያለ ክፍያ በቤት ሥራና በእንክብካቤ ላይ ይውላል፤ ከዚህ ውስጥ ከሦስት አራተኛው የሚበልጠው የሴቶች ነው። ድርጅቱ ሲያሰላው ሁለት ቢሊዮን ሰው በቀን ስምንት ሰዓት ያለ ደመወዝ እንደ መሥራት ነው።

ባልና ልጆቻችንን ደመወዝ እንጠይቅ አላልንም። ግን ሥራው ይቆጠር። ሰውየው «መስኮቱን አጸዳች» ሲል አንድ ነገር የተሠራ ይመስለዋል። «140 ገጽ ወለወለች» ሲባል ግን ይሰማዋል። ወንዱ ልጃችን ካልሲውን እጁ ላይ አጥልቆ ላይኛውን 35 ቅጠል ቢይዝ፣ ቁመቱም ይደርሳል፣ እኛም ከመሰላል እንተርፋለን። እኅቱ ብቻ ለምን ከጥናቷ ትነሣለች? የቤት ሥራ ለመካፈል መጀመሪያ ስንት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያልተቆጠረ ነገር አይካፈልም። ከባሕር ዳርም ከአዲስ አበባም ለበዓል የሚመጡ ዘመዶቻችን ቤታችን ንጹሕ መሆኑን ያመሰግናሉ፤ ምስጋናው ደስ ይላል። ከምስጋናው በፊት የነበረው ሌሊት ግን የአንዲት ሴት ብቻ አይሁን።

ለአጋሮቻችንና ለሁላችን

ለአጋሮቻችን አንድ ቃል አለን። ሪፖርታችን ላይ «የጽዳት ቁሳቁስ» ተብሎ በአንድ መስመር የሚጻፈው ወጪ ውስጥ መሰላል፣ ጓንትና ማስክ አሉ። ሳሙና ያልቃል፤ ሥራው ራሱ ይተካዋል። ጠንካራ መሰላልና ማስክ ግን አባሎቻችን ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሥራዎች በሚያገኙት ገንዘብ የሚችሉት አይደለም፤ ሳይኖራቸው ሲሠሩ ደግሞ የሚከፍሉት በአካላቸው ነው። ድጋፋችሁ የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። የተገዛው ዕቃ በዕቃ መዝገብ ይገባል፤ የእርጅና ተቀናሹ ከእያንዳንዱ ሥራ ላይ እየተያዘ መተኪያው ይጠራቀማል። በሦስተኛው ዓመት መሰላል እንድትገዙልን አንጠይቃችሁም፤ ከተጠራቀመው እንገዛለን።

ለአባሎቻችን ሦስት ነገር ለውሳኔ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ የጽዳት ቡድናችን ብላይንድ ላለበት ቤት ዋጋ የሚናገረው ሄዶ ካየና ከቆጠረ በኋላ ይሁን። የመቁጠሪያውን ቅጽ አዘጋጅተናል፤ አንድ ገጽ ናት፤ ማንበብ ለሚያስቸግራቸው እናቶች በሥዕል ተደርጋለች።

ሁለተኛ፣ የአንድ ሰዓት ድካማችን ዝቅተኛ ዋጋ ስንት እንደሆነ በዚህ ስብሰባ ተመክሮበት በቃለ ጉባኤ ይያዝ። አንዷ ከሌላዋ በታች እየተናገረች ሁላችንም የምንወርድበት ነገር ይቁም። ዕቁብ ላይ አንዷ ተራዋን እንደማትዘል ሁሉ፣ ዋጋም ላይ አንዷ ሌላዋን አትዝለል።

ሦስተኛ፣ ማስክ ሳይኖር፣ መሰላል የሚይዝ ሰው ሳይኖር ሥራ አይጀመር። «ዛሬ ብቻ» አይባል።

እናቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይሉናል። ድር ደግሞ ክር በክር ነው የሚሠራው። የእኛም ሂሳብ ቅጠል በቅጠል ነው። ጥምቀት ሲደርስ እንግዳው በንጹሕ መስኮት በኩል ከተማችንን ያያል። መስኮቱን ያጸዳችው እህታችንም የድካሟን ዋጋ በእጇ ይዛ፣ ጤናዋ ተጠብቆ፣ ነጭ ልብሷን ለብሳ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ትውረድ።

 ቅጹ በር ላይ ካለው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል፤ እያንዳንዱ ቡድን ሳይወስድ እንዳይወጣ። መልካም በዓል!